የጦር ዘመን ልጆችና የቅዳሜ ተማሪዎቻችን

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ታሪክ አንድ ነገር ጻፉልን» ሲለን መጀመሪያ አንገራግረን ነበር። እኛ ትምህርታችን 12ኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ዕድሜያችን ከ50 ያለፈ፣ እዚህ ናይሮቢ በርበሬና ሽሮ ስንመዝን የምንውል ባለሱቅ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለንም። ሆኖም የሐበሻ ሱቅ ሰው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ወሬም የሚሸምትበት ቦታ ነው። ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ ይህን ሁሉ ዓመት ያዳመጠ ሰው የሚለው አያጣም ብለን እሺ አልን።

ነገሩ የተጀመረው በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ነው። መምህርቷ ለልጆቹ «በጦርነት ጊዜ ስለነበረ አንድ ልጅ ታሪክ ፈጥራችሁ ጻፉ» ብላ የቤት ሥራ ትሰጣለች። ልጆቹም ጽፈው በወላጆች ቀን አነበቡልን። አንዱ የ11 ዓመት ልጅ የጻፈው የጣሊያንን አውሮፕላን በጦር ወርውሮ ስለጣለ እረኛ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ደብተሩን አጥፎ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ቀጥላ የተነሣችው ልጅ ደግሞ ያነበበችልን ስለ አንድ የኪኩዩ ልጅ ነው። «ለምን የአገርሽን ልጅ አልጻፍሽም?» ብትባል «የእኛን አላውቅማ፤ ትምህርት ቤት ያነበብነው ይኼን ነው» አለች። በዚህ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ልጅቷን አንወቅስም። ኬንያውያን የራሳቸውን ክፉ ዘመን ለልጆቻቸው በልብ ወለድ አድርገው አስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1952 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ እስከ 1960 ዘልቋል። ማው ማው የተባለው የጫካ ትግል የተካሄደበት፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቀዬው ተነቅሎ በጥበቃ በታጠሩ መንደሮች የታጎረበት ጊዜ ነው። ታላቁ ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ (እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት) በዚያ ዘመን ልጅ ነበሩ። በ1964 ያሳተሙት፣ በእኛ ቋንቋ «ልጄ ሆይ አታልቅስ» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ፣ ትምህርት ያድነናል ብሎ የሚያምን ንጆሮጌ የሚባል ልጅ ታሪክ ነው። ትግሉ ከወንድሞቹ አንዱን ወደ ጫካ ይወስዳል፣ አባቱን ያስገርፋል፣ ልጁንም ከክፍል አስወጥቶ ለምርመራ ያቀርበዋል። ኋላ ደግሞ ንጉጊ ታስረው ከተፈቱ በኋላ በ1980ዎቹ ለትንንሽ ልጆች ብለው በገዛ ቋንቋቸው በኪኩዩ የንጃምባ ኔኔን ታሪኮች ጻፉ። ከነዚህ በአንዱ ልጁ ዳቦ እንዲያደርስ ይላካል፤ ዳቦው ውስጥ ሽጉጥ አለ። የናንዩኪው ተወላጅ ሜጃ ምዋንጊ በበኩላቸው በ1990 ባሳተሙት የልጆች መጽሐፍ፣ በዚያው ዘመን በአንድ የነጭ እርሻ ላይ ስለ ተዋወቁ ካሪዩኪና ናይጀል ስለሚባሉ ጥቁርና ነጭ ልጆች ጓደኝነት ይተርካሉ። ካሪዩኪ ከነጩ ልጅ ጋር ጫካ ለጫካ ሲያድን፣ ወንድሙ ከታጋዮቹ ወገን ነው።

እኛ እነዚህን መጻሕፍት የገዛናቸው ኢናማ ከሚባሉት የእግረኛ መንገድ መጽሐፍ ሻጮች ነው። ኢናማ በስዋሂሊ «ጎንበስ በል» ማለት ነው፤ መጻሕፍቱ መሬት ላይ ስለሚዘረጉ ነው እንዲህ የተባሉት። ጎንበስ ብለን ከአንድ ኪሎ ሽሮ ባነሰ ዋጋ ገዝተን፣ ሱቁ ጭር ሲል በደካማ እንግሊዝኛችን እየተንተባተብን አነበብን። እውነቱን ለመናገር ባለሽጉጡ ልጅ ልጆችን ደስ ያሰኛል፤ እኛን ግን ልባችንን የነካን የምዋንጊው ልጅ ነው። ምክንያቱም የሚወደው ሰው በሁለቱም ወገን ስላለ፣ የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ ያ ልጅ ማልቀሱ አይቀርም። ንጉጊም ቢሆኑ ስለ ገዛ ልጅነታቸው ሲናገሩ የሚያነሡት ሌላ ነገር አለ። መስማት የተሳነው የአባታቸው ልጅ ወንድማቸው የእንግሊዝ ወታደር «ቁም!» ሲለው አልሰማምና በጥይት ተመትቶ ሞተ። የሺህ ሽጉጥ ታሪክ ይህችን አንዲት ነገር አያህልም።

እኛ ጋስ? በአማርኛ ስለ ጣሊያን ወረራ የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቷል። ነገር ግን ደጃዝማቹ ከፊታውራሪው ጋር ሲነጋገር የሚውልበት የአዋቂ መጽሐፍ ነው። ለ10 ዓመት ልጅ አንሥተን የምንሰጠው በእጃችን አልነበረም። ስለዚህ በየሽማግሌው ቤት እየዞርን፣ መጽሐፍ እየተዋስን፣ በዚያ ዘመን ልጆቹ የት እንደነበሩ መፈለግ ጀመርን።

መጀመሪያ ያገኘነው የተሳቀበትን ልጅ ነገር ነው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ወደዚያ የገቡት አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ተማሪ ቤቶች የተመረጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነበንቡ የተማሪ ቤት ልጆች ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ደረሰባቸው። ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ በኋላ ጣሊያን ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማ በርን ለማገድ ከወጡት መካከል እነዚህ ዕጩ መኮንኖች ይገኙበታል። አልቻሉም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲሄዱ እነርሱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምቴ ሄደው ከሌሎች ምሁራን ጋር የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። ከመሪዎቹ አንዱ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ሲያርፉ፣ በዚያው ሌሊት አደጋ ጥለው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ። ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ እዚያው ከሞቱት መካከል ናቸው፤ አብሯቸው የነበረው ቄስ ተርፏል።

ይህን ባነበብን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደን ለልጁ በጓደኞቹ ፊት ነገርነው። ዓይኑ በራ። «ታዲያ ጋሼ፣ በጦር ነው?» አለን። «በጦር አይደለም፤ አውሮፕላኑም አየር ላይ አልነበረም። ግን ያቃጠሉት ከአንተ በጥቂት የሚበልጡ ተማሪዎች ናቸው» አልነው። ከዚያ ቀጥሎ የጠየቀው ግን ያላሰብነውን ነው፤ «ከዚያስ ምን ሆኑ?» አለ።

መልሱ ለልጅ የሚነገር አይደለም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ጎጀብ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ጣሊያን የተማረ ወጣት ሁሉ አይቅር ብሎ ከእነዚህ እስረኞች ብዙዎቹን ረሸናቸው። እኛ ልጁ ፊት ቆመን ትንሽ አሰብንና ነገርነው። አንዳንድ ወላጆች በኋላ ቅር ተሰኝተውብናል። ሆኖም ሌሊቱን ብቻ ነግረን የካቲትን ብንደብቅ፣ ያ ልጅ ሌላ ባለጦር እረኛ መጻፉን ይቀጥል ነበር።

በነገራችን ላይ ጥቁር አንበሶች ባለ 10 አንቀጽ ደንብ ነበራቸው። ገበሬውን አትበድል፣ ምርኮኛን አታሠቃይ የሚል አለበት። ወደ ውጭ አገር መሰደድንም ይከለክላል። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ብናነብላቸው ዙሪያውን የሱቁን ዕቃ አይተው «እንግዲህ እኛን ቢያዩን ምን ሊሉን ነው?» አሉን። ሳቅን፤ ግን ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር።

ሁለተኛው የሁላችሁም የምታውቁት ነው። ጃጋማ ኬሎ ጣሊያን ሲገባ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከትውልድ ቦታቸው ከደንዲ ጫካ ገብተው አገር ነፃ ሲወጣ የ20 ዓመት የጦር መሪ ሆነው ወጡ፤ በሌተና ጄኔራልነት ማዕረግ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ስለ እርሳቸው ተጽፏልና አናረዝመውም። ለልጆች መጽሐፍ የሚሆን ሕይወት ነው። ግን ከሺህ ልጅ አንዱ ነው ጃጋማ የሚሆነው። የቀሩት 999 የት ነበሩ?

ከነዚያ መካከል የተወሰኑት እዚሁ አገር ነበሩ። ይህንን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር በገናሌ ዶርያ በኩል በ1928 ዓ.ም. ከተሸነፉ በኋላ፣ በተለይም በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ከተገደሉ ወዲህ፣ የተበተነው ጦር ከነቤተሰቡ በድንበሩ እየገባ በእንግሊዞች ትጥቁን ፈታ። አብረዋቸው ከጣሊያን ጦር ከድተው ለኢትዮጵያ የተዋጉ ኤርትራውያንም ነበሩ። እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር መጣላት አልፈለገችም። ስደተኞቹን እንደ እንግዳም እንደ እስረኛም አድርጋ ኢሲዮሎ ላይ ሰፈር ሠርታ አስቀመጠቻቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሴቶችና ሕፃናት አሉበት። ኋላም ወደ ታቬታ፣ ወደ ኪሊማንጃሮ ግርጌ አዛወረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ የጣሊያንን ይዞታ በይፋ ስታውቅ፣ እነዚያ ሰዎች የሌለች አገር ዜጎች ሆነው ቀሩ። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት ትጥቅ ያስፈቷቸው እንግሊዞች ከሰፈሩ ወንዶች መልምለው አሠለጠኑ። እነርሱም በ1933 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካና ከኬንያ ጦር ጋር በሜጋ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ።

ናይሮቢ ያለን ሁላችን ኢሲዮሎን እናውቃታለን። ለሰሜኑ ጉዞ አውቶቡስ ሲቆም ሻይ የምንጠጣባት ናት። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዛሬ አስፋልት ነው፤ በአንድ ቀን ይደረሳል። ያን ጊዜ ግን ዲዳ ጋልጋሉን፣ ያንን ድንጋይና ነፋስ ብቻ ያለበትን ሜዳ፣ አቋርጦ ማርሳቢት ተራራ ላይ ወጥቶ፣ እንደገና በረሃ ወርዶ ነው። እንግዲህ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ይህን መንገድ ያስባት። እናቷ ምን አሸከመቻት? ውሃ ማን ሰጣት? የገጠማት የቦረና ሰው በምን ቋንቋ አናገራት? ኢሲዮሎ ስትደርስ እንጀራ የለም፤ የበቆሎ ዱቄት ሲታደላት እናቷ ምን አድርጋ ጋገረችው? አባቷ በ1933 ጠመንጃ ተሰጥቶት በመኪና ሲሄድ እርሷ ታቬታ አጥር ውስጥ ቀርታ በረዷማውን ተራራ እያየች ስንት ቀን ቆጠረች? ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሰፈሩ ወጪና ስለ ጥበቃው የተጻፈ ሰነድ ያገኛሉ። የልጅቷን ግን ሰነድ አይይዘውም። ልብ ወለድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መንገዱ፣ ሰፈሩ፣ ዓመተ ምሕረቱ እውነት ይሁን፤ ልጅቷን እኛ እንፍጠራት። ለቅዳሜ ተማሪዎቻችንም ያልናቸው ይህንኑ ነው።

እንዲህ እያልን ስናስተምር ግን አንድ ነገር ኅሊናችንን ይቆረቁረን ጀመር። ያንን መንገድ እኛም መጥተንበታል። እናንተም ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ መጥታችሁበታል። በ1983 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹ ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ ሲገቡ እኛ ከእነርሱ ቀድመን በአፈሳ ተይዘን እዚያው ነበርን። ከገበያ ስንመለስ ነው የተያዝነው፤ ያን ጊዜ 19 ዓመታችን ነበር። በግንቦት መንግሥት ሲፈርስ ሁሉም ተበተነ። ብዙው ወደ ደቡብ አቀና። መኪና ያገኘ በመኪና፣ ያላገኘ በእግሩ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ ገባ። ከዚያም እዚሁ ኬንያ ውስጥ ወልዳ ካምፕ ተሰጠን። የሆለታዎቹ ከክፍል ከወጡ 55 ዓመት ሆኖት፣ የእኛዎቹም ከክፍል ወጡ።

ታናሿ ልጃችን ይህን ታውቃለች፤ ማለትም እኛ የነገርናትን ታውቃለች። የ8 ዓመት ልጅ ሳለች «አባባ፣ ወታደር ነበርክ አይደል? ምን አደረግህ?» ብላ ስትጠይቀን፣ ሌሊት ጥበቃ ላይ ሆነን ሽፍታ ስለ መለስንበት ክላሽንኮቭ ነግረናታል። ሽፍታዎቹ መጀመሪያ ሦስት ነበሩ። በየዓመቱ እየጨመሩ ሰባት ደርሰው ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። እኛ ብላቴ ውስጥ የወጥ ቤት ረዳት ነበርን። የያዝነው ክላሽ ሳይሆን ለ30 ሰው የሚያበስል ብረት ድስት ነው። ሲበተን ሌላው መሣሪያውን ሲያነሣ እኛ ድስቱን አነሣን፤ ለምን እንዳነሣነው ዛሬም አናውቅም። ምናልባት የተፈረመብን ንብረት እርሱ ብቻ ስለነበረ ይሆናል። ግን በዚያ ድስት አምስት ቀን ሙሉ ሰው በላ። ኮቾሮ ቀቅለንበታል፣ የለመንነውን በቆሎ ቀቅለንበታል። አብሮን የነበረ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ እግሩ ቆስሎ የሚያነክስ፣ ፊዚክስ ደብተሩን ይዞ ነበር የወጣው። እንጨቱ እርጥብ ሲሆንብን ከደብተሩ አንድ አንድ ቅጠል እየገነጠለ ለእሳቱ ይሰጠን ነበር። መጀመሪያ ግን እያንዳንዷን ቅጠል አንብቦ ይጨርሳል። እሳቱ እስኪያያዝ ሰው ይጮህበታል፤ እርሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ሞያሌ ገበያ ላይ ድስቱን ሸጥን። ልጁን ወልዳ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አየነው።

ይህን ሁሉ ዓመት ለልጃችን ያልነገርናት ይህንን ነው። ወንድ ልጅ ለልጁ ድስት ተሸክሜ መጣሁ ይላል እንዴ? እያልን። የ11 ዓመቱን ልጅ በባለጦር እረኛው ስንስቅበት እኛ ሰባት ሽፍታ ይዘን ነበር። ልጁ ቢያንስ የፈጠረው እንዲፈጥር ታዞ ነው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ማታ፣ ሱቁን ዘግተን ሒሳብ ስንሠራ፣ ነገርናት። ሽፍታዎቹ እንዳልነበሩም ጭምር። አሁን 14 ዓመቷ ነው። ለአፍታ ዝም አለች። «ሦስቱም?» አለች። ሦስቱም አልናት። ከዚያ ስለ ሽፍታዎቹ ምንም አላነሣችም። ስለ ደብተሩ ልጅ ጠየቀችን፤ ምን ይመስል እንደነበር፣ የትኛው እግሩ እንደነበር። ግራው ነው። ለቅዳሜው ትምህርት የምትጽፈውን ጀምራለች፤ በ1929 ዓ.ም. ከሜጋ ተነሥታ ኢሲዮሎ ስለምትገባ ልጅ ነው። ለልጅቷ ድስት ሰጥታታለች።

በሌላ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ መጣችና «ድስቱ ስንት ኪሎ ነበር?» አለችን። በኪሎ መዝነነው አናውቅም። ጆንያ አንሥተን ሚዛኑ ላይ አደረግንና ሽሮ እየጨመርን፣ ክንዳችን እስኪያስታውሰው ድረስ እያነሣንና እያስቀመጥን፣ 9 ኪሎ ላይ ስንደርስ «ይህን ያክላል» አልናት። ጆንያውን ጀርባዋ ላይ አዝላ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ውሃ ሲኖርበትስ?» አለችን።